«ከአሮጌ ሱሪ ነው እኮ!»

ስሙኝማ… አሮጌ ጂንስ ሱሪ ቆርጠው የሶፋ ትራስ፣ የገበያ ቦርሳ፣ ሽርጥ ምናምን የሚሰሩ ልጆች አሉ አይደል? ባዛር ላይ ጥግ ይዘው፣ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግተው ታገኟቸዋላችሁ። እዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ሩብ ሰዓት ያህል ቆማችሁ የገዢውን ወሬ ብታዳምጡ አንዲት ዓረፍተ ነገር ደጋግማ ትመጣለች። መጀመሪያ ትራሱ ይገለበጣል፣ ይዳበሳል፣ «እንዴት ያምራል!» ይባላል። ከዚያ ዋጋ ይጠየቃል። ከዚያ… «ውይ! ከአሮጌ ሱሪ ነው እኮ!»

እኔን የምታበግነኝ ይቺ «እኮ» ነች። ውስጧ ሙሉ የሂሳብ ትምህርት አለ። ሱሪው አሮጌ ነው፣ አሮጌ ነገር ነፃ ነው፣ ከነፃ ነገር የተሰራም ለነፃ የቀረበ መሆን አለበት። ከፊት ለፊት ያለው ሱቅ ከቻይና የመጣ አዲስ የትራስ ልብስ በርካሽ እየሸጠ ማን ሞኝ አለ… ነው ነገሩ።

እኔ የምለው ደግሞ ሂሳቡ ተገልብጧል ነው። ከአሮጌ ጨርቅ የተሰራ ነገር ከአዲስ ጨርቅ ከተሰራው መወደድ አለበት። አዎ፣ መወደድ! አትሳቁ፣ እስኪ አንድ ሱሪ ይዘን እንቁጠረው።

አዲስ ጨርቅ የሚሰፋ ሰው ጣቃውን ይዘረጋል፣ ደራርቦ ያነጥፋል፣ አንድ ጊዜ በመቀስ ይሄድበትና ለአስር ትራስ የሚሆን ቁራጭ ያነሳል። ሁሉም እኩል ነው፣ የሁሉም ቀለም አንድ ነው። አሮጌ ሱሪ የያዘችው ልጅ ግን መቀስ ከማንሳቷ በፊት ታጥባለች። ሱሪው ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ ደጋግማ ታጥባለች። ኢንዲጎ የሚባለው የጂንስ ቀለም ክሩ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ሳይሆን ባብዛኛው ላዩ ላይ የሚቀመጥ ነው፤ ሱሪያችን ጉልበቱ ላይ የሚነጣውም ለዚህ ነው። ያ ቀለም በደንብ ካልታጠበ ነጭ የሶፋ ልብስ ላይ ሰማያዊ ማህተሙን አሳርፎ ቁጭ ይላል። (ከዚያ የሚመጣውን የእናት ቁጣ እናንተው ገምቱት።)

ከዚያ መተርተር አለ። የጂንስ ስፌት ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ጨርቆች አንዱ በሌላው ውስጥ ታጥፈው በሁለት መስመር ወፍራም ክር የተያዙበት ነው። የኪሱ ጥግ ላይ ደግሞ የብረት ጉጥ አለ። ይህቺ ጉጥ የራሷ ታሪክ አላት። ጄከብ ዴቪስ የሚባል የአሜሪካ፣ የኔቫዳ ልብስ ሰፊ የሠራተኞች ሱሪ ኪሱ እየተቀደደ ሲያስቸግረው በመዳብ ጉጥ ያዘው። ከጨርቅ ነጋዴው ከሊቫይ ስትራውስ ጋር ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1873 የፈጠራ መብት አወጡበት። እንግዲህ ጂንስ ማለት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት «እንዳይፈታ» ተብሎ የታሰበበት ልብስ ነው። እንዳይፈታ ተብሎ የተሰራውን ነገር ቁጭ ብላ በምላጭ እየተረተረች የምትፈታውን ልጅ ነው «ምን ወጪ አለው?» የምንላት!

ተፈትቶስ ምን ያህል ጨርቅ ይወጣዋል? ጉልበቱ ሳስቷል። መቀመጫው ሳስቷል። ጭንና ጭን የሚፋተጉበት ቦታማ ካለቀ ቆይቷል፣ ሱሪው የተጣለውም በእሱ ምክንያት ነው። ደህናው ጨርቅ በብዛት የሚገኘው ከጉልበት በታች፣ ከኋላ፣ ባት የሚያርፍበት ላይ ነው። ያውም ሱሪው ሰፋ ያለ ከሆነ ነው እንጂ ያ እግር ላይ ልጥፍ የሚለው ዓይነትማ ከአንድ እግሩ ለመሀረብ የሚበቃ ቢወጣው ነው። እና ለአንድ ደህና ትራስ ሁለት ሱሪ ሊፈጅ ይችላል። የሁለቱ ውፍረት ካልተቀራረበ ስፌቱ ይሸበሸባል፣ ስለዚህ መምረጥ አለ፣ ቀለም ማዛመድ አለ። የቤት የስፌት መኪና አራት አምስት ድርብ ጂንስ ሲገጥመው ደግሞ መርፌው «ቀጭ!» ይላል። መርፌ በነፃ የሚታደል አይመስለኝም፤ ክርም፣ ዚፕም።

ቪዲዮ ላይ ግን ይህ ሁሉ የለም። ሱሪ ይታያል፣ መቀስ ይታያል፣ ሙዚቃ አለ፣ በአንድ ደቂቃ ትራስ! መሃል ላይ ያለፈው ግማሽ ቀን ተቆርጦ ወጥቷል። ገዢውም ያንን አንድ ደቂቃ አይቶ ነው የሚመጣው።

ሱሪውስ ቢሆን ነፃ ነው ያለው ማነው? በየሰፈራችን «ልዋጭ!» እያሉ የሚያልፉት ልጆች ሳፋና ብርጭቆ ተሸክመው የሚዞሩት ለጽድቅ ነው እንዴ? እናቶቻችን ስንት ተከራክረው፣ ልጁን በር ላይ ስንቴ ሸኝተው መልሰው ጠርተውት ነው አንድ ሱሪና ሁለት ሸሚዝ በአንድ ሳፋ የሚለውጡት! ያ ሱሪ ይታጠባል፣ ይጠገናል፣ ይተኮሳል፣ ሌላ ሰው ይለብሰዋል። ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ደግሞ በርሜሉ ምድጃ ሲሆን፣ ቆርቆሮው ኩራዝና ማንቆርቆሪያ ሲሆን ታያላችሁ። የመኪና ጎማውም በረባሶ ሆኖ ስንቱን አገር አቋርጧል። እኛ «አፕሳይክሊንግ» የሚል የክርስትና ስም ይዘን ብቅ ያልነው ሥራው ካረጀ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ሰሪዎቹንም አንድ ነገር ልበል፣ ለገዢ ብቻ ቁጣ አይሆንም። የሚለበስ ሱሪ አትቁረጡ! ደህና ሱሪ፣ ገና ሁለት ዓመት የሚሄድ ሱሪ፣ ለፎቶ ሲባል ተቆርጦ የሪሞት ማስቀመጫ ሲሆን ሳይ ይከፋኛል። ያንን ሱሪ የሚለብሰው ሰው አለ እኮ። መለኪያዬ ቀላል ነው። የልዋጩ ልጅ ሱሪውን ተቀብሎ ጉልበቱንና መቀመጫውን ወደ ፀሐይ ይዞ ያያል፣ ብርሃን ካሳለፈ ይመልሳል። እሱ የመለሰውን ቁረጡ። በዚህ አገር ከእሱ የተሻለ የጨርቅ ባለሙያ የለም።

እና «ከአሮጌ ነው» የምትለዋ በሽታ ከየት መጣች? ለእኔ ከእጅ ሥራ ንቀት ነው። ሸማ ለብሰን እያማረብን ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ስንል የኖርን ሰዎች ነን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ቢብስ ነው። ዛሬ ስድቡ ቀንሷል እንበል። አሁን የተያዘው ፋሽን ሌላ ነው፤ «አቤት ባለሙያ! እጅሽ ይባረክ!» ብሎ አመስግኖ በግማሽ ዋጋ መጠየቅ። እጇ ተባርኳል፣ ኪሷ ግን የጂንስ ኪስ ሆኖ ቀርቷል፣ ባዶ።

የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ወንዝ ሦስት ጎኗን የከበባት ጂዝ ቤንድ የምትባል የጥቁሮች መንደር አለች። የመንደሯ ሴቶች ለብዙ ትውልድ ያለቀ የሥራ ልብስ፣ የእርሻ ጂንስ ሳይቀር፣ እየተረተሩ ብርድ ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል። ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባለው ባሏ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1942 የሥራ ልብሶቹን ቆርጣ አንድ ብርድ ልብስ ሰፋችበት። የነጣው ጉልበት፣ የተጣፈው ቦታ ሁሉ ጨርቁ ላይ እንዳለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 እነዚህ ብርድ ልብሶች በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም ኒውዮርክ በዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር አደረጋቸው። ዓለም አጨበጨበ። በ2007 ግን ከሰፊዎቹ አንዳንዶቹ «ድርሻችን አልተከፈለንም» ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ጉዳዩ የተዘጋው በ2008 ነው። ክሱ ማን ትክክል ነበር የሚለውን ልፈርድ አይደለም። ግን ታያላችሁ አይደል፣ ሙዚየም ድረስ የደረሰ አሮጌ ሱሪ እንኳን የእጅ ሂሳቡ ላይ ሲደርስ እንዲህ ያነታርካል። የእኛዋ የባዛር ልጅ ምን ትሁን?

ወደ ቤታችን እንመለስ። እኔ ከፍ ያለ ዋጋ ይከፈል ስል ለማንኛውም ነገር አይደለም። ሁለት ኪስ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ «ዲኮር» ማለት… ይቅርታ፣ እሱ ከወር በኋላ አቧራ የሚሰበስብ የኋላ ኪስ ነው። የጂንስ ጥቅሙ ጥንካሬው ነው፤ ስለዚህ የሚለፋ ነገር ይሰራበት። ሽንኩርትና ድንች የሚሸከም የገበያ ቦርሳ ይሰራበት፤ ያ ፌስታል መሃል መንገድ ላይ ተቀዶ ቲማቲም ስንለቅም የዋልንበት ዘመን ይብቃን። የበርጩማ መቀመጫ፣ ልጆች የሚንከባለሉበት መከዳ፣ ጉልበት ላይ የሚደርስ ሽርጥ፣ ይህ ሁሉ ያዋጣል።

የድስት መያዣ የምትሰሩ ደግሞ አደራ፣ መጀመሪያ የሱሪውን ምልክት አንብቡ። ዛሬ ዛሬ የሚሳብ ጂንስ ስለበዛ ብዙው ውስጥ ኢላስቴን፣ አንዳንዴም ፖሊስተር አለበት። ፖሊስተር የጋለ ነገር ሲነካ ይቀልጣል፣ እጅ ላይም ይጣበቃል። ለእሳት ቦታ ንጹሕ ጥጥ ብቻ፤ መሃሉ ላይ የአሮጌ ፎጣ ቁራጭ ይግባበት። በእርጥቡም እንዳትይዙበት፣ ውሃ ሙቀቱን ቶሎ ወደ እጅ ያመጣዋል።

ከሁሉም የምወደውን ልንገራችሁ? ማቶት! ሱሪው ሲቆረጥ የሚጣለው ወፍራም የጎን ስፌት አለ አይደል፣ ብዙዎቹ ቀደው ይጥሉታል። እሱን እንደ ገመድ ይዛችሁ፣ ልክ ሰፌድ ስትሰፉ ስንደዶና አክርማውን እየጠመጠማችሁ እንደምታዞሩት እያዞራችሁ በወፍራም መርፌና ክር ብታያይዙት ጀበና ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ማቶት ይወጣዋል። ከፍ አድርጋችሁ ብትቀጥሉበት ደግሞ የዳቦ መሶብ ይሆናል። ሰፌድ የሰፋች አያት ያለው ሰው መማሪያ ቪዲዮ አያስፈልገውም፤ ሄዶ እሷን ይጠይቅ። (እሷ ስትሰራው ከእናንተ ሁለት እጥፍ እንደሚፈጥን አስቀድሜ ላሳውቃችሁ።) እንዲህ ያለው ነገር ከውጭ የሚመጣ ኮንቴይነር ውስጥ የለም፣ ዋጋው ከማንም ትራስ ጋር ሊወዳደር አይችልም።

ታዲያ ዋጋው እንዴት ይቆረጥ? መልሱን ራሳችን ስናወራው የኖርነው ቋንቋ ውስጥ አለላችሁ። «የእጅ ዋጋ» እንላለን። ወርቅ ቤት ገብቶ ቀለበት የሚያሰራ ሰው የግራሙን ለብቻ፣ የእጅ ዋጋውን ለብቻ ይከፍላል፤ «ወርቁ የራሴ የአያቴ ነው፣ ምን ወጪ አለው?» ብሎ የሚከራከር አላየሁም። ልብስ ሰፊ ጋ ጨርቃችንን ይዘን ሄደን የምንከፍለውም እሱኑ ነው። ጨርቁ የእኛ ስለሆነ ስፌቱ በነፃ ይሁን አንልም። ባዛር ላይ የቆመችው ልጅ ጋ ስንደርስ ብቻ ነው ይህ ሁሉ የሚጠፋብን።

ስለዚህ ለሰሪዎቹ የምመክረው ትንሽ ካርቶን ቆርጠው ዋጋውን ከፋፍለው እንዲጽፉት ነው። ጨርቅ ይህን ያህል። ክርና ዚፕ ይህን ያህል። የእጅ ዋጋ፣ ግማሽ ቀን፣ ይህን ያህል። «ከአሮጌ ሱሪ ነው እኮ» የሚል ሲመጣ ጣታቸውን የመጀመሪያው መስመር ላይ ያድርጉና «አዎ፣ እሱን ልቀንስልዎት» ይበሉት። ቀንሶ የሚቀረውን ራሱ ያንብበው።

ለገዢዎቹም መላ አለኝ። ካልተዋጠላችሁ ቁም ሳጥናችሁን ክፈቱ፣ መቼም ሁለት ሦስት ሱሪ አይጠፋም፤ ይዛችሁላት ሂዱና የእጅ ዋጋ ብቻ ክፈሉ። ያ ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ የገዛችሁት፣ ወፍራችሁበት ግን መጣል ያቃታችሁ ሱሪ የገበያ ቦርሳ ሆኖ ትከሻችሁ ላይ ይመለሳል። እሷም ጉልበቱን ወደ ፀሐይ ይዛ አይታ «ይሄማ ገና ይለበሳል» ካለቻችሁ… ልዋጩ ነገ ጠዋት ያልፋል።