አባ ሰንጋና የበድን ቆዳ

በአብርሃ ጅራ ቆላ ደኅና ሲግጥ የዋለ በሬ በድንገት ቢሞት፥ ባለቤቱ ቆዳውን እንኳ ለማትረፍ ቢላዋ ያነሣል። የወረዳው ሹም ግን ሊከለክለው ይገባል። የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ በትር የሚመስል፥ አስኳል እንኳ የሌለው አንድ ሕዋስ ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ታናሽ ፍጥረት ምን ያሳስባል የሚል አይጠፋም። ባልተከፈተ በድን ውስጥ ሲሆን በእርግጥ ከብስባሹ ጋራ ይሞታል። ደሙ ፈስሶ አየር ሲያገኝ ግን ጠንካራ ልባስ ለብሶ እንደ ደረቀ ዘር ይሆናል፤ ይህንንም ሮበርት ኮህ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1868 ዓ.ም. አሳይቶአል። በአፈር ውስጥም ብዙ ዐሥር ዓመታት ተኝቶ ይቈይና በሚግጥ ከብት ሰውነት ገብቶ ይነቃል፤ የገፋፊውንም እጅ በጥቁር ቍስል ይመታል። እንግዲህ በድኑ ሳይገፈፍ በወደቀበት ይቃጠል፥ ወይም በጥልቅ ይቀበር። ባለቤቱ ማጕረምረሙ አይቀርም፥ እውነትም አለው። ስለ ቆዳው ጥቂት ካሳ ቢቈረጥለት ግን በሌሊት ተደብቆ መግፈፉን ይተው ነበር።