ከአንድ ሜትር ወዲህ

በአዲስ ካሜራ ላይ አሮጌ ሌንስ መግጠም የጀመረ ወጣት ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ምክር ይሰማል፦ «ከቻልክ የሬንጅፋይንደር ግዛ፤ የኤስኤልአሩ ለጀማሪ ነው።» ምክሩ አጭር ነው፣ በልበ ሙሉነት ይነገራል፣ ከኋላውም ላይካ የሚባል ትልቅ ስም ቆሟል። እኔ ግን አልቀበለውም። እኔ ፎቶ በማነሳበት በምዕራብ ጎንደር ቆላ ደግሞ ጭራሽ ገንዘብም ሥራም የሚያበላሽ ምክር ነው።

መጀመሪያ ቃላቱን እናጥራ። ኤስኤልአር ማለት ሌንሱ ያየውን በመስታወት አንጸባርቆ ወደ ዓይናችሁ የሚያመጣ ካሜራ ነው። የሶቪየቱ ዜኒት፣ የምሥራቅ ጀርመኑ ፕራክቲካ፣ የጃፓኖቹ ፔንታክስ ስፖትማቲክና ኒኮን ኤፍ እዚህ ይመደባሉ። ሬንጅፋይንደር መስታወት የለውም። የምታዩት በሌንሱ ሳይሆን ከሌንሱ ጎን ባለች ትንሽ መስኮት ነው፤ መሃሏ ላይ ሁለት ምስል ይደራረባል፣ ቀለበቱን አዙራችሁ ሁለቱን ስታገጣጥሙ ፎከሱ ያዘ ማለት ነው። ላይካ፣ ዞርኪና ፌድ የዚህ ወገን ናቸው። ሚረርለስ ደግሞ የዛሬው ዲጂታል ካሜራ ነው፦ በሌንሱ ገብቶ ሴንሰሩ ላይ ያረፈውን ብርሃን በቀጥታ በስክሪን ያሳያችኋል።

ሰውን የሚያሳስተው ስሙ ይመስለኛል። ሚረርለስ «መስታወት የለሽ» ነው፣ ሬንጅፋይንደርም መስታወት የለውም፤ ስለዚህ ዘመዳሞች ናቸው ይባላል። ቆይ ግን፣ ዝምድና በሌለ ዕቃ ይቆጠራል እንዴ? ትክክለኛው ጥያቄ «በሌንሱ ውስጥ ነው የማየው ወይስ ከሌንሱ ውጭ?» የሚለው ነው። በሚረርለስ የምናየው በሌንሱ ውስጥ ነው። በአሠራሩ የኤስኤልአር ልጅ ነው፤ መስታወቷ ብቻ ወጥታ በሴንሰር ተተካች።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። በሥራችን ሁለት ሲስተሞች በአዳፕተር ስለተገናኙ ብቻ ተስማሙ አይባልም። ዳታው ያልፋል፤ ግን አንደኛው ሲስተም ሲሠራ የተወሰዱት ግምቶችም አብረው ያልፋሉ፣ ችግሩ የሚፈነዳውም እዚያ ላይ ነው። ሌንስም እንደዚያው ነው። የሬንጅፋይንደር ሌንስ ሲሠራ ሁለት ነገር ተገምቷል።

አንደኛ፣ ሰውየው በጣም አይጠጋም ተብሎ ተገምቷል። መስኮቷ ከሌንሱ ጎን ስለሆነች፣ ነገሩ በቀረበ ቁጥር እሷ የምታየውና ሌንሱ የሚያየው ይለያያል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ቀለበቱን አንድ ቦታ ላይ አቆሙት፦ ብዙዎቹ የላይካ ሌንሶች 0.7 ሜትር ላይ፣ የሶቪየቶቹ ጁፒተር 8 እና ኢንዱስታር 61 ደግሞ 1 ሜትር ላይ። ገደቡ የመጣው ከመስኮቷ ነው። ሚረርለስ ላይ መስኮቷ የለችም፤ ገደቡ ግን እንዳለ አለ። የዜኒቱ ሄሊዮስ 44-2 እስከ ግማሽ ሜትር ይጠጋል፣ የፔንታክሱ ሱፐር ታኩማር 55 ሚሊ ሜትር እስከ 45 ሴንቲ ሜትር።

«ግማሽ ሜትር ምን ትርጉም አለው?» የሚል ካለ አንድ የሠራሁትን ልንገረው። ከሱዳን ጦርነት፣ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ በመተማ ዮሐንስ ድልድይ የተሻገሩት የውጭ አገር ስደተኞች ብቻ አይደሉም። ገዳሪፍና ካርቱም ለዓመታት ሠርተው የኖሩ የራሳችን ሰዎችም በአንድ ሻንጣ ተመልሰዋል። ገንዳ ውሃ ቤተሰብ ልጠይቅ ስሄድ አንዲት የእናቴ ጎረቤት በጨርቅ የተጠቀለለ ፎቶ ይዘው መጡ። አሥር በአሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር የምታህል፣ ጠርዟ የተበላ የሠርግ ፎቶ ናት። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ ሌላ ፎቶ የላቸውም። «ልጄ፣ ፊቱን አስጠግተህ አንሳልኝ፤ እየጠፋብኝ ነው» አሉኝ።

ሂሳቡን እንሥራው። 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሙሉ ፍሬም ሴንሰር፣ ጁፒተር 8 የመጨረሻ ቅርበቱ ላይ ሲሆን ፍሬሙ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ነገር ይይዛል። ሄሊዮስ 44-2 በግማሽ ሜትር 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ካሜራው ባለ 24 ሚሊዮን ፒክስል ከሆነ፣ ያቺ የሠርግ ፎቶ በጁፒተሩ የሚደርሳት 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ የቀረው ጠረጴዛ ነው። በሄሊዮሱ 10 ሚሊዮን ገደማ ታገኛለች። የሟቹን ቅንድብ መለየትና አለመለየት እዚህ ቁጥር ላይ ነው ያለው። አነሳሁላቸው፣ ጎንደር ከተማ አሳትሜ ላክሁላቸው። በሄሊዮስ ነው።

ይኼ የፎቶ ቅጂ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በዚህ ቆላ ያለው ሥራ ሁሉ የእጅ ሥራ ነው። ሰሊጥ ፍሬው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ይታጨዳል፤ ከዘገየ ቆባው ተከፍቶ ፍሬው መሬት ይፈሳል። ነዶው ቆሞ ይደርቅና ተገልብጦ ሸራ ላይ ይራገፋል። የዕጣን ዛፍ ቅርፊቱ በስሱ ይላጣል፣ ሙጫው ጠብ ጠብ ብሎ ይደርቃል፣ ከዚያ ይለቀማል። የሰሊጥ ቆባ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? የዕጣን ጠብታስ? ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ መዳፉን ሲዘረጋ፣ ታሪኩ ያለው መዳፉ ላይ ነው። አንድ ሜትር ርቃችሁ ስትቆሙ የምታገኙት «ሠራተኛ በማሳ» የሚል ፎቶ ነው። እንደዚያ ያለው ሞልቷል። መተማ ከሩቅ መታየት አልቸገራትም፦ ወይ አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት ሜዳ ናት፣ ወይ ሰልፍና ድንኳን ያለባት ድንበር። የጎደላት ቀርቦ የሚያያት ነው።

ሁለተኛው ግምት ፊልምን ይመለከታል። ሬንጅፋይንደር መስታወት ስለሌለው ሰፊ ማዕዘን ሌንሱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ፊልሙ አጠገብ ይደርሳል፤ ጁፒተር 12ን ከኋላው ያየ ሰው የምለውን ያውቃል። ብርሃኑ ወደ ጠርዙ የሚሄደው በጣም አግድሞ ነው። ፊልም ይኼን ይችላል። ሴንሰር ግን ፊቱ ላይ መከላከያ ብርጭቆ አለው፣ አግድሞ የመጣ ብርሃን እዚያ ይዛባል፤ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም ሐምራዊ ቀለም ይመጣል። ላይካ ራሱ ይኼን ያውቃል፦ እ.ኤ.አ. በ2006 ኤም 8ን ሲያወጣ፣ በሴንሰሩ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ሌንሶች ወደ ጠርዙ ሲሄዱ አቀማመጣቸውን አዛንፎ ነው የሠራው። ሠሪው ለገዛ ሌንሶቹ ልዩ ሴንሰር ካስፈለገው፣ የእናንተ ተራ ሚረርለስ በምን ተአምር ይችላቸዋል?

የኤስኤልአር ሠሪዎች ግን መስታወቷ ቦታ ስለያዘችባቸው ሌንሱን ወደ ፊት መግፋት ነበረባቸው። ፈረንሳዊው አንዤኒዩ እ.ኤ.አ. በ1950 ለዚህ የሚሆን 35 ሚሊ ሜትር አወጣ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ሌንሱ ገዘፈ፣ ብርሃኑ ግን ቀና ብሎ ይወርዳል፣ ሴንሰሩም ይስማማዋል። ከገንዳ ውሃ ወደ ሽንፋ ስትወጡ አገሩ ሜዳ ነው፤ የአድማሱ መስመር ከፍሬሙ ጠርዝ እስከ ጠርዝ ይሄዳል። ጠርዙ የሚደበዝዝ ሌንስ ግማሹን ዛፍ ይበላባችኋል።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልምጣ። «ካርቲየ ብሬሶን በላይካ ነው ያነሳው» ይላሉ። እውነት ነው። ግን የሬንጅፋይንደር ጸጋ ያለው መስኮቷ ላይ ነበር፦ ከፍሬሙ ውጭ ያለውን ታሳያለች፣ ሰው ሳይገባ እየመጣ መሆኑ ይታያል። እናንተ መስኮቷን ትታችሁ ሌንሱን ብቻ ገዛችሁ። ቤቱን ትቶ ቁልፉን የገዛ ሰው ምን ይባላል? ኤስኤልአሩ ላይ ግን ተቃራኒው ሆኗል። ድሮ ሄሊዮስን ወደ ኤፍ 11 ስትዘጉት የዜኒቱ መመልከቻ ይጨልም ነበር፤ ዛሬ ሚረርለሱ ስክሪኑን ራሱ ያበራዋል። አዲሱ ካሜራ የኤስኤልአር ሌንስን ጉድለት ሞላለት፤ የሬንጅፋይንደሩን ጸጋ ግን አልመለሰለትም።

«ትንሽ ነው፣ ሰው አያስደነግጥም» የሚለው ይሻላል፣ አልክደውም። የሶኒ ሚረርለስ ሌንስ ከሴንሰሩ በ18 ሚሊ ሜትር ርቀት ነው የሚገጠመው፣ የላይካ ኤም በ27.8፣ ኤም 42 የሚባለው የዜኒት ጥርስ በ45.46። ስለዚህ የላይካው አዳፕተር አንድ ሴንቲ ሜትር አይሞላም፣ የዜኒቱ ግን ወደ 27 ሚሊ ሜትር ባዶ ቱቦ ነው። ልዩነቱ ይኼው ነው፦ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ያነሰ። በድንበር አካባቢ ካሜራ ካሜራ ነው፤ ኬላ ላይ ማንም ሌንሳችሁን በሴንቲ ሜትር አይለካም። ትንሽ ሌንስ ፈቃድ አይሆንም፤ ሰላም ብሎ መጠየቅ ነው የሚያዋጣው።

«የሚያስጠጋ አዳፕተር አለ» የሚሉም አሉ። አለ፣ ይሠራልም። ግን ውድ ሌንስ ገዝቶ፣ ከዚያ ጉድለቱን የሚጠግን ሌላ ዕቃ መግዛት ምክር ነው? ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በአንድ አሮጌ ሱሚክሮን ዋጋ ሄሊዮስን ከነአዳፕተሩ ገዝታችሁ፣ የመተማን የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ከፍላችሁ ገና ይተርፋችኋል። ያ ትርፍ ሌላ ሰው ሠርግ ላይ ከምታነሱት የሚገኝ ገንዘብ ነው።

ቤታችሁ ውስጥ ጁፒተር 8 ካለ አትጣሉት። ከ50 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ያሉት የሬንጅፋይንደር ሌንሶች ጠርዝ ላይ ብዙም አያስቸግሩም፣ ለቁም ፎቶም ያምራሉ። የምከራከረው ግዙ ከሚለው ምክር ጋር ነው። ለመግዛት ከሆነ፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ሻጩን የርቀት ቀለበቱን ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። ቀለበቱ ላይ ከሁሉ የሚያንሰውን ቁጥር አንብቡ። 1 የሚል ከሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ሳታነሱ ለመቅረት እየከፈላችሁ ነው።