«ስሕተት» ያልነው ምላሽ፦ ስለ አሻሚ እንቅስቃሴ ጥናት አንድ አስተያየት

አንድ ሰያፍ መስመር ከጠባብ ክብ ቀዳዳ በስተጀርባ ሲያልፍ ጫፎቹ ስለሚሸፈኑ ትክክለኛ አቅጣጫው አይታወቅም። ወደ ቀኝ ቢሄድም ሆነ ወደ ታች ቢወርድ በቀዳዳው ውስጥ የሚታየው ለውጥ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ተመልካቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመስመሩ ጋር ቀጤ ማዕዘን የሚሠራ እንቅስቃሴ ያያል። ሃንስ ቫላኽ በ1935 እ.ኤ.አ. የተነተነው ይህ «የቀዳዳ ችግር» ዛሬም የእንቅስቃሴ እይታ ጥናት መነሻ ነው።

በተለያየ አቅጣጫ የሚጓዙ ሁለት የመስመር ረድፎች ሲደራረቡ ጉዳዩ ይወሳሰባል። አደልሰንና ሞቭሾን በ1982 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ረድፎቹ በድምቀት ልዩነታቸውና በመስመሮቻቸው ጥግግት ሲቀራረቡ እንደ አንድ ጥለት አብረው ይጓዛሉ፤ ሲራራቁ ግን አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተት ይታያል።

የእኔ ቅሬታ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ ባካሄድሁት ሙከራ፣ አንድ ጥለት ያየውን ተሳታፊ «ትክክል»፣ መንሸራተት ያየውን «ስሕተት» ብዬ መዝግቤ ነበር። ውጤቱን ደግሜ ስመረምር የተሳሳትሁት እኔ እንደ ነበርሁ ተረዳሁ። በማሳያው ላይ የቀረበው ምስል ሁለቱንም ትርጓሜዎች በእኩል ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ትክክለኛውን ለይቶ የሚነግረን ነገር በምስሉ ውስጥ የለም። ኡፔና ሩቢን በ2003 እ.ኤ.አ. እንዳመለከቱት ደግሞ፣ ምስሉን ለረጅም ጊዜ የተመለከተ ያው አንድ ሰው ሁለቱን ትርጓሜዎች እያፈራረቀ ያያል። በአጭር ቅጽበት የምንለካው እንግዲህ የመጀመሪያውን ትርጓሜ ብቻ ነው።

«መመዘኛ ከሌለ ልኬት የለም» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው የአንድ ቅርጽ እውነተኛ አቅጣጫ አስቀድሞ በሚታወቅበት ሙከራ ላይ ይሠራል። ያም ቢሆን ዋይስ፣ ሲሞንቼሊና አደልሰን በ2002 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሞዴል ጥንቃቄ ያስተምረናል፦ መረጃው ሲደበዝዝ አእምሮ ለዝግተኛ እንቅስቃሴ ቢያደላ፣ ከእውነታው የራቀው ምላሽ ራሱ ምክንያታዊ ግምት ሊሆን ይችላል።

ስለሆነም ሦስት ነገር እጠቁማለሁ፦ የተሳታፊውን ምላሽ ያለ ፍርድ በስሙ እንመዝግብ፤ የምስሉን ቆይታ እናራዝም፤ ትርጓሜው የሚቀየርበትን ጊዜም ከአማካዩ ጋር እናቅርብ። አማካይ ብቻ ስናወጣ ልናጠናው የተነሣንበትን አሻሚነት ራሱን እንሰርዘዋለን።