ዊንዶውስን ከማጥፋት በፊት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ያቋረጠው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛው ትውልድ በፊት የወጡትን አይቀበልም። በዚህ የተነሣ ገና ለዓመታት ሊያገለግል የሚችል ብዙ ላፕቶፕ ከጨዋታ ውጪ ሆኗል። በነጻ የሚገኙት የሊኑክስ ሲስተሞች፣ ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ሁነኛ አማራጭ ናቸው።

መጫኑ የሚያስፈራውን ያህል አይደለም። ሲስተሙ ከኢንተርኔት ወርዶ ፍላሽ ላይ ይጻፋል፤ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ሲነሣ ሀርድ ዲስኩ ሳይነካ መሞከር ይቻላል። ዋይፋዩና ፕሪንተሩ መሥራታቸው መታየት ያለበት ያኔ ነው። ሁለቱን ሲስተም ጎን ለጎን ለሚጭን ግን አንድ ወጥመድ አለ። የዊንዶውስ «ፋስት ስታርትአፕ» ካልጠፋ ማሽኑ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ሊኑክስም የዊንዶውሱን ክፍል ቢያነብ እንኳ አልጽፍበትም ሊል ይችላል።

ዋናው ጣጣ ሥራው የተንጠለጠለባቸው ፕሮግራሞች ናቸው። የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪና የንድፍ ፕሮግራሙ አውቶካድ ለሊኑክስ አልተሠሩም፤ በማክሮ የታጨቀ የኤክሴል ፋይልም ሊብሬኦፊስ ላይ እንደ ነበረ ላይሠራ ይችላል። ዋይን የተሰኘው ፕሮግራም አንዳንዱን የዊንዶውስ ሶፍትዌር ሊኑክስ ላይ ያስነሣል፤ በግብር ማሳወቂያ ሰሞን በእሱ መተማመን ግን ድፍረት ነው። የጀርመኗ ሙኒክ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ የከተማ አስተዳደሯን ኮምፒውተሮች ወደ ሊኑክስ ካዞረች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወስናለች። በጊዜው ከተሰሙት ቅሬታዎች አንዱ ከውጭ አካላት ጋር ፋይል መለዋወጥ አስቸገረ የሚል ነበር።

በአማርኛ የሚሠራ ቢሮ ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበው የራሱ የደብዳቤ ማኅደር ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ቪዥዋል ግዕዝንና ቀደምት የፓወር ግዕዝ ስሪቶችን የመሳሰሉ ሶፍትዌሮች በየራሳቸው ፎንት ሲጽፉ ኖረዋል። በእነዚህ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ለኮምፒውተሩ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ በሌለበት ሲከፈት የሹመት ደብዳቤው የቅንፍ፣ የነጥብና የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣል። ፎንቱን ገልብጦ ማስገባት ለማንበብ ያህል ሊረዳ ይችላል፤ በሠራተኛ ስም ልፈልግ ቢሉ ግን ምንም አይገኝም።

መለየቱ ቀላል ነው። ጽሑፉን መርጦ ፎንቱን ወደ ኒያላ መቀየር ይበቃል፦ አማርኛነቱ ካልተለወጠ ዩኒኮድ ነው፤ ወደ ላቲን ወይም ወደ ባዶ ሳጥን ከተለወጠ የድሮው ዓይነት ነው። ለዋጭ ፕሮግራም ተጠቅሞ ወደ ዩኒኮድ ማዞሩም አሮጌው ሶፍትዌር በሚሠራበት በዊንዶውሱ ላይ መከናወን አለበት፤ የተዘለለ ፊደል ካለ ከዋናው ጋር ማመሳከር የሚቻለው እዚያ ነው።

ኒያላ ራሱ የማይክሮሶፍት ፎንት ስለሆነ ሊኑክስ ላይ አይገኝም። ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ሲተካው መስመሩ ይሸሻል፣ የገጹ መጨረሻም ይዛነፋል፤ ማኅተም የሚያርፍበት ደብዳቤ በፒዲኤፍ ቢላክ ይሻላል። ለመተየቢያ ኪይማን በነጻ ይገኛል፤ በሁለቱም ሲስተሞች ላይ ስለሚሠራ ጸሐፊዋ ገና ዊንዶውስ ላይ ሳለች ብትለምደው በኋላ ጣቷ አይደናገርም።

ሁሉንም ማሽን በአንድ ቀን ማዞርም ግዴታ አይደለም። የሒሳብ ክፍሉ ዊንዶውስ 11 ሊሸከም የሚችለውን አንዱን ኮምፒውተር ይያዝ፤ ደብዳቤ፣ ኢሜይልና ቴሌግራም ብቻ የሚሠራባቸው ቀሪዎቹ ያለ ሥጋት ወደ ሊኑክስ ሊሻገሩ ይችላሉ። ማኅደሩ ወደ ዩኒኮድ ሳይዞር ግን ማንም ሀርድ ዲስክ ፎርማት ባያደርግ ይመረጣል።