በሩን የዘጋሁባቸው ቀናት

ዛሬ ስለማይታይ ቁስል ላጫውታችሁ።

በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር ባለቤቴ እዚሁ ደባርቅ ከወንድሞች ጋር የጸሎት ቤታችንን ቆርቆሮ ሲጠግን መሰላሉ ተንሸራተተና በጭንቅላቱ ወደቀ። ደም አልፈሰሰም፤ አጥንትም አልተሰበረም። ግን የት እንዳለ ጠፋበት፤ አንዱን ጥያቄ እየደጋገመ ይጠይቀኝ ጀመር። ሐኪሙ መርምሮ ለሰዓታት ካቆየው በኋላ፣ «የአንጎል መናወጥ ነው፤ ቤት ወስደሽ አስታምሚው» አለኝ።

በማግሥቱ ከዳባት ሳይቀር ጠያቂ መጣ። ቤቱ ሞላ፤ ቡና ተፈላ፤ ጸሎቱም ደመቀ። ባለቤቴ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጆሮውን በጋቢ ሸፈነ። ማታ ልጃችን ኩባያ ቢጥል፣ ሰምተንበት በማናውቀው ድምፅ ጮኸበት። እኔም ዝም አላልሁም፤ መለስሁለት። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። እውነቱን ልናገር፣ የተናደድሁት በመውደቁ ሳይሆን ሌላ ሰው ሆኖ በመነሣቱ ነበር።

ተመልሼ ሐኪሙን ስጠይቅ ግን ቁጡነቱ፣ መርሳቱ፣ ብርሃንና ድምፅ መጥላቱ፣ የእንቅልፉም መዛባት የጉዳቱ ክፍል መሆናቸውን ነገረኝ። ያን ቀን በሩን ዘጋሁ። አንዲት እናት ቅር ብሏቸው፣ «ልጄ፣ አገልጋዩን ከሕዝቡ ትደብቂዋለሽ?» አሉኝ። «እማማ፣ ኤልያስ በዛፉ ሥር በወደቀ ጊዜ ጌታ አስቀድሞ የሰጠው እንቅልፍና እንጎቻ አልነበረም?» አልኋቸው። ዝም ብለው ሄዱ። በማግሥቱ አጥሚት በፔርሙስ ይዘው መጥተው ደጃፉ ላይ አስቀምጠውልኝ ተመለሱ።

እህቶች፣ የተማርሁትን ላካፍላችሁ። «የተመታ ሰው አይተኛ» የሚለው አባባል ብዙዎችን ያስጨንቃል። ሐኪም አይቶት ቤት ከላከው እንቅልፍ ይጠቅመዋል። ነገር ግን ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ እጅ ወይም እግሩ ከደከመ፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ወይም ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ፈቃድ አትስጡት። ወጌሻም ጭንቅላቱን አይሸው።

ጨለማ ክፍል ውስጥ ለሳምንታት ማስተኛትም አይበጅም። እ.ኤ.አ. በ2022 አምስተርዳም ላይ በስፖርት ስለሚደርስ የአንጎል መናወጥ የመከሩ ባለሙያዎች፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሥራን ቀለል ማድረግና ስልክና ቴሌቪዥን መቀነስ፣ በዚያው ጊዜም ቀስ ብሎ መራመድ እንደሚጠቅም ተስማምተዋል። ከዚያ በኋላ ሥራው ደረጃ በደረጃ ይጨመራል፤ ሕመሙ በጣም ከበረታ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ነው። እስኪድን ድረስ ግን መሰላል፣ በቅሎና ሞተር ብስክሌት ይቅሩ፤ አንጎሉ ሳያገግም ሁለተኛ መመታት አደገኛ ነውና። ብዙ አዋቂዎች ከሁለት ሳምንት እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ይሻላቸዋል። ከዚያ ካለፈ ወደ ሐኪም ተመለሱ።

ሽማግሌዎቻችን በሁለተኛው እሑድ እንዲሰብክ ጠየቁ፤ እርሱም ጓጉቶ ነበር። «ይቆይ» ያልሁት እኔ ነኝ። በዚያች ማታ አጠገቤ ተቀምጦ ቀስ ብሎ፣ «ጥቅስ ጀምሬ መጨረሻው ይጠፋብኛል። እንዲህ ሆኜ እንዳልቀር ፈራሁ» አለኝ። ለካ እኔ ስቆጣ እርሱ ይፈራ ኖሯል! ያን ቃል ከመስማቴ በፊት የጸለይሁት ሁሉ ስለ ራሴ ድካም ነበር። በአምስተኛው እሑድ መድረክ ላይ ወጥቶ ለዐሥር ደቂቃ ብቻ፣ ከወረቀት እያነበበ ተናገረ። ከዚያ ስብከት የበለጠ ደስ ያለኝ የለም።

ወገኖች፣ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ስትጠይቁ ሁለት ሆናችሁ ግቡ፤ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ቶሎም ተነሡ። ስትወጡ ደግሞ ልጆቹን ለግማሽ ቀን ውሰዱላት፤ አስታማሚዋንም «አንቺስ ተኝተሻል?» በሏት። እኔን የጠየቀችኝ አንዲት እህት ብቻ ነበረች፤ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።