አበል ደሞዝ አይደለም፤ መልቀቅም ጥጋብ አይደለም

በአገራችን አንድ ሰው ሥራ ለቀቀ ሲባል በመጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ምን አግኝቶ ነው?» የሚል ነው። የተሻለ ደሞዝ አግኝቶ ከሆነ «ጎሽ» ይባላል። ውጭ አገር ሊሄድ ከሆነ ይመረቅለታል። ገቢው ቀንሶ የለቀቀ እንደሆነ ግን «ጥጋብ ነው» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። እኔ ዘንድሮ ከእነዚህ ከሦስተኞቹ ሆኛለሁ። ለሦስት ዓመት ከወሩ ግማሹን መንገድ ላይ የሚያሳልፈኝን የንብረት ቆጠራና ቁጥጥር ሥራ ትቼ፣ ከአዲስ አበባ የማያስወጣ የቢሮ ሥራ ይዣለሁ። በዚህች አጭር ጽሑፍ ለምን እንደለቀቅኩ ብቻ ሳይሆን፣ እኛ የማኔጅመንት ተማሪዎች ስለ ፊልድ ሥራ ያለንን አመለካከት ለምን ማስተካከል እንዳለብን የበኩሌን ለማለት እወዳለሁ።

በቅድሚያ ስለ ገንዘቡ እናንሳ፤ ክርክሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያ ነውና። ለምሳሌ ያህል ደሞዟ 10,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በወር 15 ቀን ፊልድ ትወጣለች፣ በቀንም 1,000 ብር አበል ታገኛለች እንበል። ጎረቤት ሲቆጥርላት 25,000 ብር ተከፋይ ናት። ነገር ግን ከዚያ 1,000 ብር ላይ ለአልጋ 450፣ ለምግብና ለውኃ 400 ቢወጣ በእጅ የሚቀረው 150 ብር ነው፤ በ15 ቀን 2,250 ብር ማለት ነው። እውነተኛ ገቢዋ እንግዲህ 12,250 ብር ነው። ይህችን ትርፍ ከፍ ለማድረግ ሲባል ነው እንግዲህ ሁለት ባልደረቦች አንድ አልጋ ተካፍለው የሚያድሩት፣ ምሳ በዳቦና በሻይ የሚታለፈው። ይሄ እኮ ቁጠባ አይደለም፤ ጤናን በዝርዝር መሸጥ ነው።

ሕጉም ቢሆን አበልን ደሞዝ አይለውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሎ አበልንና የመጓጓዣ አበልን ከደሞዝ ትርጉም ውጭ አድርጓቸዋል። በግል ድርጅት ጡረታም ከሠራተኛው 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ የሚታሰበው በደሞዙ ላይ ነው። ስለዚህ ያቺ ሠራተኛ ለጡረታዋ የሚገባላት የ10,000 ብሩ 700 እና 1,100 ብር እንጂ የ25,000 ብሩ አይደለም። ብትታመምና ፊልድ መውጣት ቢያቅታት አበሉ በዚያው ቀን ይቆማል። በዚህ ገንዘብ ላይ ተመሥርቶ ቤት የተከራየና ዕቁብ የገባ ሰው በሚቀጥለው ጉዞ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ጊዜ ነው። አዋጁ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍትም ይሰጣል። አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፦ ሰኞ ጠዋት ደሴ መጋዘን በር ላይ እንድትገኝ የታዘዘች ሠራተኛ መቼ ነው ከቤቷ የምትወጣው? እሁድ ነዋ! ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃንን፣ ጣርማ በርን፣ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ኮምቦልቻ እስኪደረስ ቀኑ ያልቃል። እኔ በሠራሁበት ድርጅት ያ እሁድ ከሥራ ቀንም አይቆጠርም፣ ምትክ ዕረፍትም አይሰጥበትም ነበር። መኪና ላይ ተቀምጦ መዋል እንደ ሽርሽር ነበር የሚታየው። ወገብ ግን ሽርሽር መሆኑን አያውቅም።

ከዚያ ደግሞ ትምህርት አለ። ከእናንተ መካከል የኤክስቴንሽን ተማሪ የሆናችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሚድ ፈተና ከጅማ ቆጠራ ጋር ይገጥማል። የግሩፕ አሳይንመንት ላይ ስማችሁ በጓደኛ ቸርነት ይገባል። መምህሩን ሜክ አፕ ለምናችሁ ስትፈተኑ ክፍሉ ሦስት ምዕራፍ ጥሏችሁ ሄዷል። ደሞዝ እየከፈሉ የሚማሩትን ትምህርት በአልጋ ቤት አምፖል ሥር ከሰው ደብተር መገልበጥ መማር ነው ብዬ አላምንም።

ስለ ቤተሰብም ሳላነሳ አላልፍም። አራት ዓመት የሆናት ልጅ አለችኝ። የምታሳድግልኝ እናቴ ናት፤ ልጄም እሷን «እማ» እኔን ደግሞ በስሜ ነው የምትጠራን። ይሄ በብዙ ቤት ያለ ነውና አልከፋኝም። መጀመሪያ አካባቢ ሻንጣ ሳወጣ ታለቅስ ነበር። እያደር ማልቀሷን ተወችና ቀና ብላ ሳታይ መጫወቷን ቀጠለች። ሰው ሁሉ «ተመስገን፣ ለመደች» አለኝ። እኔን ያስፈራኝ ግን መልመዷ ነው። የዕድር መዋጮዬም በየወሩ ይከፈላል፤ ድንኳን ሲተከል ግን እኔ የለሁም። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚባለው አጠገቡ ሲገኝ መሰለኝ።

እናቴ ራሷ መልቀቄን ስትሰማ «ልጄ፣ ሥራ በጠፋበት ዘመን እንጀራሽን አትግፊ» ብላኝ ነበር። አለቃዬም «ማን ሥራ አግኝቶ ነው አንቺ የምትለቂው?» አለኝ። ሁለቱም መልስ የሚገባው ክርክር ነው። እርግጥ ነው፣ ሥራ አጥ ሆኖ መቀመጥ ከፊልድ ይከፋል። ለዚህም ነው ሌላ ሥራ ሳልይዝ ያልለቀቅኩት። እርግጥ ነው፣ ቆጠራን ከቢሮ ሆኖ መሥራት አይቻልም፤ አንድ ሰው መሄድ አለበት። ለወጣት ጀማሪም ፊልድ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። እኔ ስለ መጋዘን አያያዝ የማውቀውን አብዛኛውን የተማርኩት ከቅርንጫፍ ንብረት ክፍል ሠራተኞች ነው እንጂ ከመጽሐፍ አይደለም። ተቃውሞዬ በጉዞ ላይ አይደለም። አንድን ሰው ያለ ተራ፣ ያለ ዕቅድ፣ ያለ ዕረፍት መላክ ላይ ነው።

ክፍል ውስጥ ስለ ዕቅድና ስለ ሰው ኃይል ምደባ እንማራለን አይደል? እንግዲህ እዚህ ላይ ይሥራ። ተጓዦች በዙር ቢመደቡ፣ የሦስት ወር የጉዞ ፕሮግራም አስቀድሞ ቢነገር፣ ድንገተኛ ቆጠራ የሚያስፈልግ ከሆነ ቦታው ብቻ በምስጢር ቢያዝ፣ የአዋሳኝ ቅርንጫፍ ሠራተኞች አንዱ የሌላውን ቢቆጥር፣ የእሁድ ጉዞ በሌላ ቀን ዕረፍት ቢካካስ ድርጅት የሚጎዳው ምንድን ነው? በየጊዜው የለመደ ሠራተኛ እየለቀቀ አዲስ ከማሠልጠን ይህ ይረክሳል።

በቅርቡ ለምትመረቁ ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። የቅጥር ማስታወቂያ ላይ «ለመስክ ሥራ ፈቃደኛ የሆነ/ች» የምትል ሐረግ ስታዩ ዝም ብላችሁ አትለፏት። በወር ስንት ቀን? በማን መኪና? አበሉ የሚከፈለው ከጉዞ በፊት ነው ወይስ ተመልሶ ሲወራረድ? እነዚህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። መልቀቅ ግድ ሲሆንም በወግ ይሁን። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ሕጋዊ መብቱ ነው። ቀሪ ክፍያውም ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈለው ይገባል፤ የሥራ ልምድ ማስረጃም ሊሰጠው ይገባል። እናንተም በበኩላችሁ የወሰዳችሁትን አበል አወራርዱ፣ ሰነድ አስረክቡ፣ ለተተኪው አሳዩት። ተኳርፎ መውጣት ለማንም አይበጅም።

በአዲሱ ሥራዬ በወረቀት ሲታይ ገቢዬ ወርዷል። በእጅ የሚቀረው ግን ሰው እንደሚገምተው ብዙ አልተለወጠም። በምትኩ ማታ ማታ ክፍል እገባለሁ። ልጄ አሁንም በስሜ ነው የምትጠራኝ፤ ትንሽ ስቆይ ግን «የት ሄደሽ ነው?» ማለት ጀምራለች። ስለዚህ ሰው ሥራ ለቀቀ ስትባሉ «ምን አግኝቶ ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ምን እያጣ ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልካም ነው እላለሁ።