ሪሕላው ለማን ነው?



በዚህ ሴሚስተር መጀመሪያ የሪሕላ ኮሚቴው ተሰብስቦ ስም ሲጽፍ እኛም ነበርን። ዝርዝሩ የሚዘጋጀው በየትምህርት ክፍሉ ነው። ነርሲንግ ላይ ስንደርስ ከመካከላችን አንዱ የአንዲት እህታችንን ስም አየና «እሷን ዝለላት፤ የልጆች እናት ናት፣ አትመጣም» አለ። ዘለልናት። ማናችንም አልተቃወምንም። እሑድ ጠዋት ወደ ሐይቅ ሄድን፤ ዓሣ በላን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ከመግሪብ በፊት ተመለስን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዷ እህታችን ከላይብረሪ ስትወጣ አገኘቻትና ስለ ሪሕላው አወራቻት። «ሄዳችሁ እንዴ? እሑድማ እኔ ክፍል ነበርኩ» አለች። ቀጥላም «ሐይቅን ደሴ ስመላለስ ከመኪና መስኮት ነው የማውቀው፤ ወርጄ አይቼው አላውቅም። ብትጠይቁኝ ቀኑን እንመካከር ነበር» አለቻት። በቅሬታ አይደለም፤ እንደ ተራ ወሬ ነው የተናገረችው። ነገሩ የከበደንም ለዚህ ነው። ተቆጥታን ቢሆን «አፉ በይን» ብለን በተገላገልን።

ስሟን አንጽፍም፤ እንዲጻፍም አልፈለገችም። ጉዳዩ እንዲጻፍ ግን ፈቅዳለች። የሐራ ልጅ ናት። ዕድሜዋ ወደ አርባ እየተጠጋ ነው፤ የሦስት ልጆች እናት ናት። ነርስነትን በዲፕሎማ ተምራ፣ ሲኦሲ ወስዳ፣ ከአሥር ዓመት በላይ በጤና ጣቢያ ሠርታለች፤ አሁን ቅዳሜና እሑድ ዲግሪዋን እየተማረች ነው። በሥራ ቦታዋ በሽማግሌ የተከበረች «ሲስተር» ናት፤ እዚህ ግን ወንበር ስታጣ ከኋላ የምትቀመጥ ተማሪ ናት። መጀመሪያ ላይ አንዳንዶቻችን «አንቱ» ስንላት «ኧረ አንቺ በሉኝ፤ ፈተናው እንደሆነ ለሁላችንም አንድ ነው» ብላ አስተወችን። «እትዬ» ማለቱን ግን አልተውንም።

ሳምንቷን እንድትነግረን ጠየቅናት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ላይ ናት። ሐራ ቆላ ነው፤ የወባ ወቅት ሲሆን ሰልፉ ከበር ይወጣል። ክትባት አለ፣ የእርጉዝ ክትትል አለ፣ በሳምንት አንድ ወይ ሁለት ሌሊት ዱቲ አለ። ዓርብ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ሃንድአውት ታነባለች፤ ወይም ላንብብ ብላ ትጀምርና መጽሐፉ ላይ ትተኛለች። ቅዳሜ ፈጅርን ሰግዳ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወልዲያ ትገባለች። ማታ አክስቷ ቤት ታድራለች፤ እሑድ ዐስርን ሰግዳ ወደ ሐራ ትመለሳለች። ቤት ስትደርስ የትልቋ ልጇ የቤት ሥራና የሰኞ እንጀራ ይጠብቋታል።

«ታዲያ ለመዝናናት ምን ታደርጊያለሽ?» አልናት። ሳቀች። ቆጠረችልን፦ የጎረቤት ቡና አለ፤ እሱም አቦሉ ላይ ደርሶ ሰው «ሲስተር፣ ልጄ አተኮሰው» ብሎ ሲጠራት በረካው ያመልጣታል። የታመመ መዘየር አለ፤ እዚያም ሄዳ የምታደርገው የደም ግፊት መለካት ነው። ሠርግ አለ፤ እዚያ ደግሞ ወጥ ቤት ናት። ከዚያ ትንሽ አሰበችና «እውነቱን ልንገራችሁ፤ የእኔ መዝናኛ እሑድ ማታ ሚኒባሱ ነው» አለች። «መስኮት አጠገብ እቀመጣለሁ። ስልኬን አጠፋለሁ። ወደ ቆላው ስንወርድ ነፋሱ ይሞቃል፤ ማሽላው፣ ወደ ጭፍራ የሚነዱት ግመሎች ይታዩኛል። ማንም አይጠራኝም። ሐራ ስደርስ ስልኬን እከፍታለሁ።»

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በሒሳብ ተከፍሎበት፣ በሰው መካከል ተጣብቆ የሚገኝ ዕረፍት ነው ይኼ። ከመካከላችን ብዙዎቻችን በቀን ውስጥ ከዶርም እስከ ካፌ ስንመላለስ ከዚያ የበለጠ ጊዜ እናባክናለን።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። «እናት ስለሆነች አትመጣም» ያልነው ለእሷ አዝነን ይመስለን ነበር። ስንመረምረው ግን ከሥሩ ሌላ ሐሳብ አለ፦ ልጅ የወለደች፣ ባል ያላት፣ ሥራ የያዘች ሴት መዝናናት አያስፈልጋትም፤ ያለፈባት ነገር ነው የሚል። አንዳንዶቻችንማ ጨዋታ ለእሷ ዓይነት ሰው ነውር ይመስለናል። ይህን ከየት አመጣነው? ከዲናችን አይደለም።

የዒዱን ቀን ሐዲሥ ሁላችንም ሰምተነዋል። በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ሐበሾች በጦር ሲጫወቱ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ልታይ ፈለገች፤ ነቢዩም በኩታቸው እየጋረዷት እሷ እስክትጠግብ ድረስ ቆሙላት። ይህን ሐዲሥ እኛ የሐበሻ ልጆች ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ተጫዋቾቹ ነው፤ «የኛ ሰዎች» እያልን እንኮራበታለን። ስለቆሙላት ግን አናወራም። የአላህ መልእክተኛ ናቸው፤ የኡማው ጉዳይ በጫንቃቸው ላይ ነበር። ሆኖም «ይበቃሻል» አላሏትም፤ የበቃት ራሷ ስትጠግብ ነው። እሷም ይህን የተናገረችው ጨዋታ የሚወድ ወጣት ሴት ልጅ ምን ያህል እንደሚያይ ገምቱ ብላ ነው።

«እሷ ወጣት ነበረች» የሚለን ካለ የሰልማንንና የአቡ ደርዳን (ረ.ዐ) ነገር ያስታውስ። አቡ ደርዳ ቀን እየጾመ ሌሊት እየቆመ ቤቱን ረስቶ ነበር። ሰልማን ሊዘይረው ሲመጣ የባለቤቱን ሁኔታ አይቶ ነገሩን ተረዳ፤ አብልቶ፣ አስተኝቶ፣ ለጌታህም ለነፍስህም ለቤተሰብህም ሐቅ አለባቸውና ለባለ ሐቁ ሁሉ ሐቁን ስጥ ሲል መከረው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገራቸው ሰልማን እውነት ተናገረ አሉ። እንግዲህ በዒባዳ ምክንያት እንኳ የነፍስ ሐቅ የማይጣል ከሆነ፣ በዱቲና በፈተና ምክንያት እንዴት ይጣላል?

የነርስ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነው። በእስልምና ታሪክ ስለ ሩፈይዳ አል-አስለሚያ እንሰማለን፤ በኸንደቅ ጊዜ ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ) በቆሰለ ጊዜ በመስጂዱ በተተከለ ድንኳን ያስታመመችው እሷ ናት። በየሙሐደራው ስሟን እንጠራለን፤ በየግቢያችን ያለችውን ሩፈይዳ ግን ስንዘላት አላፈርንም። ነርስ የሰው ሕመም ላይ ውሎ የሚያድር ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ብዛት የሚመጣውን መዛልና መሰላቸት ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ በበሽታዎች መለያ መዝገቡ ውስጥ አስፍሮታል። ይህን ያነበብነው ከራሷ ሃንድአውት ላይ ነው። «ለፈተና አጠናሁት» አለችን፤ «ስለራሴ መሆኑን ያወቅሁት ከፈተናው በኋላ ነው።»

ያሳለፈችውንም ማሰብ ይገባል። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ወሎ ሲገባ የወልዲያ ሆስፒታል ጭምር ተዘርፏል፤ ብዙ ጤና ጣቢያዎችም ባዶ ቀርተዋል። እኛ ያን ጊዜ አብዛኞቻችን ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን፤ እሷ ደግሞ ጓንት በሌለበት ሴት የምታዋልድ ነርስ ነበረች። ስለዚያ ዘመን ብዙ አታወራም፤ እኛም አልጎረጎርናትም።

ከኮሚቴው ጋር ይህን ስናነሣ ተቃውሞ ገጥሞናል፤ ከፊሉ ተገቢ ነው። አንዱ ወንድማችን «የጀማዓው ገንዘብ ለሽርሽር ከሚወጣ ሃንድአውት ኮፒ ማድረጊያ ላጣ ተማሪ ይዋል» ብሏል። እውነት አለው፤ የሁለቱም ሣጥን ይለይ። ግን ሪሕላው ለሃያ ዓመት ልጅ ሲሆን «ተርቢያ» ተብሎ፣ ለእናት ሲሆን «ሽርሽር» መባሉ አይገባንም። ሌላው «ልጆች ፕሮግራም ይረብሻሉ» አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሶላትን ሊያስረዝሙ አስበው የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ እናቱ እንዳትጨነቅ ያሳጥሩ ነበር። ሶላት ካጠረለት የእኛ የጥያቄና መልስ ውድድር ቢቋረጥ ምን ይሆናል? (የባለፈው ውድድር፣ በመካከላችን ይቅርና፣ ሕፃን ቢያቋርጠው ይሻለው ነበር።)

የመሕረም ጥያቄም ተነሥቷል። ለብዙ እህቶች እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ አናቃልለውም። ለዚህም ለሌላውም የሚሆነን ቅርብ ቦታ መምረጥ ነው። መንገድ አንዳንዴ በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ ሩቅ መሄድ ለወንዶቹም ቢሆን ጭንቅ አለው።

ስለዚህ ሐሳባችን ይኼ ነው፦ ወደ ሐራ እንሂድ። «ሐራ ምን አለ?» ተብለናል። ሐራን ብዙዎቻችን የምናውቀው በባቡሩ ስም ነው፤ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ ይደርሳል የተባለው መስመር። ባቡሩን ገና እየጠበቅን ነው። ሰዉ ግን ባቡር እስኪመጣ አልተቀመጠም፤ ከደጋ የወረደውና ከአፋር የመጣው እዚያ ይገናኛል። የእሷ ቤት እዚያ ነው፤ የልጆቿ ጓደኞች፣ ቡናዋን አቋርጠው የሚጠሯት ጎረቤቶች እዚያ ናቸው። ከዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ከመርሳ ማንጎና ፓፓያ እናመጣለን፤ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ዙህርና ዐስርን በጀማዓ ሰግደን ከመግሪብ በፊት ወልዲያ እንገባለን። ሐይቅ የለውም፤ ዓሣም የለም። ሙቀቱም ቀላል አይደለም፤ ኮፍያና ውኃ ያዙ።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንናገራለን። እሷ ዘንድ ሄደን እሷ ስታበስልልን፣ ስታጥብልን፣ ስታስተናግደን ከዋለች ሪሕላው የእኛ እንጂ የእሷ አልሆነም፤ ሠርግ ላይ እንደሚሆነው ሆነ ማለት ነው። የወሎ እናት እንግዳ መጥቶባት እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ሞት እንደሚመስላት እናውቃለን፤ ስለዚህ ምግቡ ከዚህ ተሠርቶ ይሄዳል። ቡናውን እህቶች ያፈላሉ፤ ዕቃውን ወንድሞች ያጥባሉ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ኮሚቴው ውስጥ ያሉ ሁለት ወንድሞች እንዲሰረዝ ጠይቀው ነበር፤ አልሰረዝነውም።

ቀኑን ጠየቅናት። እሑድ አይሆንም፤ ክፍል አላት። ሌላው የሥራ ቀን ነው። የበዓል ቀን ዱቲ ካልደረሰባት፣ ከደረሰባትም ከባልደረባዋ ጋር ከተቀያየረች ይሆናል። ስለዚህ ዝግ ከሚሆኑት የበዓል ቀናት አንዱን የጤና ጣቢያው የዱቲ ድልድል ከተለጠፈ በኋላ እንቆርጣለን እንጂ እኛ ቆርጠን አንነግራትም። ክፍያው በሁለት ጊዜ እንዲሆን ተስማምተናል፤ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከፍልም።

እሷ ብቻ አይደለችም። ስሞቹን ደግመን ስናይ በነርሲንግ፣ በሚድዋይፈሪና በመምህርነት ቅዳሜና እሑድ የሚማሩ፣ በየዓመቱ ሳንጠይቃቸው የዘለልናቸው ሌሎች እህቶችና ወንድሞች አግኝተናል። አንዱ ወንድማችን የአራት ልጆች አባት ነው፤ ለአራት ዓመት ዶርም ሲያድር የመሰለን ማታ ማታ ጥበቃ ሲሠራ ነበር። ከጁሙዓ በኋላ በመስጂዱ በር አዲስ ዝርዝር ይዘን እንቆማለን። በዝርዝሩ ላይ ከስም ቀጥሎ «የልጆች ብዛት» የሚል ሳጥን አለ፤ ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ «የማይመቸኝ ቀን» የሚል። እትዬ የመጀመሪያውን ሳጥን ቀድማ ሞልታዋለች፦ «3፤ ትንሹ መኪና ላይ ያስመልሰዋል፣ ፌስታል ያዙ።»